ከበሮው የጥንት፣ ማኅበሩ የትናንት፦ የታይኮ ቡድኖች ታሪክ ቅኝት

በካሊፎርኒያ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሃያ ያህል ተማሪዎች ግንባራቸውን በጨርቅ ሸብ አድርገው፣ እግራቸውን አንፈራጠው፣ በየፊታቸው ከቆመው ከበሮ በላይ ዱላቸውን እኩል ሲያነሱ ያየ ሰው የሺህ ዓመት ሥርዓት ሲፈጸም ያየ ይመስለዋል። ዱላው ሲያርፍ ድምፁ በጆሮ ብቻ አይገባም፤ ደረትን ይመታል፣ ከእግር በታች ያለውን ወለል ያንቀጠቅጣል። ከበሮው በእርግጥ ጥንታዊ ነው። ብዙ ሰው አንድ ላይ ቆሞ፣ ትልቁንና ትንሹን ከበሮ አቀናጅቶ፣ እንደ አንድ የሙዚቃ ጓድ የሚመታበት ጥበብ ግን ከ1951 ወዲህ የመጣ ነው፤ በዕድሜው ከብዙዎቻችን ወላጆች ያንሳል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ወጣት ጥበብ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከአንዲት የጃፓን የተራራ ከተማ ተነሥቶ ሎስ አንጀለስ፣ ሳን ፓውሎ፣ ሲድኒና ስኮትላንድ እንዴት ደረሰ? መልሱን በታላላቅ የመድረክ ጓዶች ዝና ውስጥ የሚፈልጉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን መልሱ ያለው በማኅበሩ ውስጥ ነው ባይ ነኝ፤ ከሥራ በኋላ በቤተ መቅደስ አዳራሽ በሚሰበሰቡ ጎረቤታሞች፣ ከክፍል ወጥተው በመኪና ማቆሚያ ሥር በሚለማመዱ ተማሪዎች ዘንድ። ታይኮን ያሰፉት በአብዛኛው የዘር ሐረግም፣ የመምህር ማዕረግም፣ አንዳንዴ ከበሮ ራሱም ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው።

ከመነሻው እንጀምር። "ታይኮ" የሚለው ቃል በጃፓንኛ ማንኛውንም ከበሮ ይጠራል፤ የሚጻፍባቸው ሁለት ፊደላትም "ወፍራም ከበሮ" ማለት ናቸው። በጃፓን ምድር ከበሮ ለመኖሩ ከቀደሙት ምስክሮች አንዱ ከጉንማ አውራጃ የተገኘ የ6ኛው ክፍለ ዘመን የሸክላ ሐውልት ነው፤ በትከሻው ከበሮ ያነገተና በዱላ የሚመታ ሰው ያሳያል። በ712 የተጠናቀረው ኮጂኪ የተባለው መጽሐፍ ደግሞ የፀሐይ አምላክ አማቴራሱ ተቆጥታ ዋሻ ብትገባና ዓለም ቢጨልም፣ ሌላዋ አምላክ በተገለበጠ ገንዳ ላይ እየረገጠች ጨፍራ እንዳስወጣቻት ይተርካል። የዛሬዎቹ ከበሮ መቺዎች የጥበባቸውን የመጀመሪያ ምት ከዚያ ገንዳ ላይ መስማት ይወዳሉ። ተረቱን ለተረትነቱ እንተወውና፣ ከ7ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ከቻይናና ከኮርያ የተሻገረው የቤተ መንግሥት ሙዚቃ፣ ጋጋኩ፣ ያጌጡ ታላላቅ ከበሮዎችን ይዞ መግባቱ ግን የታወቀ ነው።

በተከታዮቹ ዘመናት ከበሮው በየቤቱ የየራሱን ሥራ ያዘ። በቡድሃ ገዳማትና በሺንቶ መቅደሶች ሰዓትና ጸሎት አወጀ፤ እርስ በርስ በሚዋጉ መሳፍንት ዘመን ሠራዊት አዘዘ፤ በኖ ቴአትር ከዋሽንትና ከእጅ ከበሮዎች ጋር ተቀመጠ፤ በካቡኪ መድረክ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ የዝናቡን፣ የማዕበሉንና ድምፅ የሌለውን የበረዶ ውሽንፍር ሳይቀር አሰማ። በገጠር ደግሞ ዝናብ ተለመነበት፣ ከሩዝ ማሳ ተባይ ተባረረበት። በየክረምቱ የሙታን መታሰቢያ በሆነው በኦቦን በዓል ከፍ ካለ የእንጨት ማማ ላይ አንድ ሰው ሲመታው መንደሩ በዙሪያው ክብ ሠርቶ ይጨፍራል። ለእኛ አንባቢዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ነጋሪት አዋጅ የሚያሰማበት፣ ከበሮ በማኅሌት የሚቆምበት፣ አታሞ በሠርግ የሚመታበት አገር ልጆች ነንና።

ሁለት ነገሮችን ግን ከዚህ ረጅም ዘመን ይዘን መሄድ አለብን። አንደኛው፣ በአብዛኛው ከበሮው ረዳት ነበር፤ ጭፈራውን፣ ቴአትሩን፣ ጸሎቱን ያጅባል እንጂ ራሱ የመድረኩ ባለቤት አይደለም። ሁለተኛው የትምህርቱ መንገድ ነው። ምቱ የሚተላለፈው በቃል ነው፤ "ዶን" ሲባል አንድ ሙሉ ምት በቆዳው መሐል፣ "ዶኮ" ሲባል ሁለት ፈጣን ምቶች፣ "ካ" ሲባል የዱላው ግጭት በከበሮው ጠርዝ ላይ። ተማሪው ምቱን በአፉ ሳያጠና ዱላ አይጨብጥም። የቃል ትምህርት የዜማ ቤት ተማሪን እንዴት እንደሚቀርጽ የሚያውቅ ሰው፣ ይህ ዘዴ ሙዚቃን ከወረቀት ይልቅ በሰው ሥጋ ውስጥ እንደሚያኖር ለመረዳት አይቸገርም። በኋላ ታይኮ በቀላሉ ከአገር አገር ሊሻገር የቻለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ኖታ የማያነብ ሰው በአንድ ምሽት አንድ ምት ይዞ ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ ታላቁ መታጠፊያ ይመጣል። ጃፓን በ1945 ተሸንፋ፣ ከተሞቿ ተቃጥለው፣ የአባቶች ነገር ሁሉ ከጦርነቱ ጋር አብሮ የተነቀፈ በመሰለበት ወቅት፣ በናጋኖ አውራጃ በሱዋ አካባቢ ዳይሃቺ ኦጉቺ የሚባል የጃዝ ድራም ተጫዋች ነበር። ኦጉቺ የተወለደው በ1924 ነው። አንድ ዘመዱ በዕቃ ቤት ውስጥ የተገኘ የቆየ የከበሮ ምት ጽሑፍ አመጣለትና እንዲፈታው ጠየቀው፤ ጽሑፉ ከሱዋ መቅደስ ጋር የተያያዘ ነበር። ኦጉቺ ምልክቶቹን በሽማግሌ እርዳታ ፈታቸው፤ ፈትቶም አልረካም። ጃዝ ተጫዋች ነውና ጆሮው የለመደው አንድ ሰው በሁለት እጁና በሁለት እግሩ ብዙ ከበሮ ሲያናግር ነው። አንድ ከበሮ ብቻውን መመታቱ ጎደሎ መሰለው። ስለዚህ የድራሙን ስብስብ በሰዎች መካከል አከፋፈለው፦ ቀጭን ድምፅ ያለው ትንሹ ሺሜ መሠረቱን ያለማቋረጥ ይያዝ፣ መካከለኛው ናጋዶ ዜማ መሰሉን ምት ያውጣ፣ ግዙፉ ኦዳይኮ ከሥር ይደግፍ። በ1951 የተመሠረተው ኦሱዋ ዳይኮ ከዚህ ሐሳብ ወጣ፤ ኩሚዳይኮ፣ ማለትም የቡድን ከበሮ፣ የሚባለው ጥበብም አብሮ ተወለደ።

ይህን ቅጽበት ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። ዛሬ የጃፓን ጥንታዊነት መለያ የሚመስለው ጥበብ ሲወለድ ግማሽ አባቱ ከአፍሪካ አሜሪካውያን የመጣው ጃዝ ነው። ይህ ክብሩን አይቀንስም። የተቀበሩ ምቶች ሕይወት ያገኙት የሚወዳቸው ሰው በራሱ ዘመን ጆሮ ስለሰማቸው ነው።

በቶኪዮም ተመሳሳይ ነገር በሌላ መንገድ እየበቀለ ነበር። በዩሺማ ሰፈር የኦቦን ጭፈራ ከበሮ የሚመቱ ወጣቶች በ1950ዎቹ መጨረሻ ተሰባስበው ሱኬሮኩ ዳይኮ የተባለውን ቡድን ፈጠሩ። ከበሮውን ዘመም ባለ መቆሚያ ላይ አድርገው፣ ሰውነታቸውን በሰያፍ አዘንብለው፣ ክንዳቸውን ሰፊ ቅስት እያስያዙ የሚመቱበት ስልት የእነሱ ነው። ታይኮ ለዓይንም የሚታይ ጥበብ መሆኑ በዚህ ጸና። ከዚያ የ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ መጣ። እኛ ያን ኦሎምፒክ የምናስታውሰው ሻምበል አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈበት ቀን ነው። ለታይኮ ሰዎች ደግሞ ኦሱዋ ዳይኮ በጨዋታዎቹ የጥበብ ዝግጅት ላይ ታይቶ አዲሱ ጥበብ ከናጋኖ ተራሮች ወደ አገር አደባባይ የወጣበት ዓመት ነው።

ሩጫና ከበሮ ከ11 ዓመት በኋላ ባልታሰበ መንገድ ተገናኙ። በ1969 ታጋያሱ ዴን የሚባል አስተባባሪ በሳዶ ደሴት ላይ ወጣቶችን ሰብስቦ ኦንዴኮዛ የተባለ ኅብረት አቋቋመ። ወጣቶቹ አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ያበስላሉ፣ በየዕለቱ ረጅም ርቀት ይሮጣሉ፤ ሩጫውና ከበሮው አንድ ትንፋሽ ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። በ1975 የቦስተን ማራቶንን ሮጠው እንደ ጨረሱ ከበሮ ፊት ቆመው መቱ፤ የውጭው ዓለም በዚያ አወቃቸው። ኅብረቱ ከመሥራቹ ጋር ከተለያየ በኋላ አብዛኞቹ አባላት በ1981 ኮዶ የተባለውን ጓድ መሥርተው በርሊን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወቱ። ኮዶ ማለት "የልብ ምት" ነው፤ በሌላ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ "የከበሮ ልጆች" ይሆናል። ስለ ኮዶ ብዙ ተጽፏልና እዚህ አንቆይም፤ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው፣ ኮዶን በመድረክ ያየ ሰው በየአገሩ "እኔስ የት ልማር?" ብሎ መጠየቁ ነው።

በጃፓን ውስጥ ለዚያ ጥያቄ መልስ የሰጡት የየመንደሩ ማኅበራት ናቸው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የገጠር ወጣት ወደ ፋብሪካ ከተሞች ሲጎርፍ፣ የቀሩት ሰዎች መንደራቸውን በአንድ ነገር ማስጠራት ፈለጉ፤ ከበሮ ቡድን ማቋቋም ከመንገዶቹ አንዱ ሆነ። በ1975 የባህል ቅርስ ሕጉ ተሻሽሎ የሕዝብ በዓላትና ክዋኔዎች የማይዳሰስ ቅርስነት ጥበቃ አገኙ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትር ታኬሺታ መንግሥት ለየማዘጋጃ ቤቱ 100 ሚሊዮን የን እየሰጠ "ለትውልድ ቀያችሁ የሚበጀውን ሥሩበት" ሲል፣ ከበሮ የገዙና ቡድን ያቋቋሙ ቀበሌዎች ጥቂት አልነበሩም። ከ2002 ጀምሮ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች በሙዚቃ ትምህርት ቢያንስ አንድ አገርኛ መሣሪያ እንዲይዙ ሥርዓተ ትምህርቱ አዘዘ፤ ታይኮም በየትምህርት ቤቱ አዳራሽ ቦታ አገኘ። ኦጉቺ ራሱ በ1998ቱ የናጋኖ የክረምት ኦሎምፒክ የከበሮውን ዝግጅት ሲመራ በሰባዎቹ ውስጥ ነበር፤ ያረፈው በ2008 ነው።

እዚህ ላይ ወደ ጎን ብለን አንድ የተሸፈነ ታሪክ ማንሣት ግድ ይለናል፤ ያለ እሱ የታይኮ ታሪክ ሙሉ አይሆንም። ከበሮውን ማን ሠራው? የናጋዶው አካል ኬያኪ ከሚባል ጠንካራ ዛፍ ግንድ ተቦርቡሮ ለዓመታት ይደርቃል፤ በላዩም የላም ቆዳ ተወጥሮ በምስማር ይመታል። በኢሺካዋ አውራጃ ያለው የአሳኖ ቤት ይህን ሥራ የጀመረው በ1609 ነው። ቆዳውን የሚያለፉትና የሚወጥሩት ሰዎች ግን ለዘመናት ከዘር ዘር "ርኩስ" ተብለው ከሌላው ተለይተው እንዲኖሩ የተፈረደባቸው ነበሩ። በ1871 የወጣ አዋጅ ልዩነቱን በወረቀት ሰረዘ፤ በጋብቻና በሥራ ቅጥር ያለው መገለል ግን ቀጠለ። ከበሮው በመቅደስ ሲከበር ሠሪው ከመቅደሱ ደጅ ይርቅ ነበር። እኛም "ፋቂ" የሚለውን ቃል በስድብነት የተጠቀምን፣ በፋቂው እጅ የለፋውን ቆዳ ግን በቤተ ክርስቲያን ከበሮ ላይ የምንወጥር ሕዝብ ነንና ይህን ታሪክ ከሩቅ ሆነን ልንፈርድበት አንችልም። ከበሮ መሥራት የብዙ ቤተሰብ እንጀራ በሆነበት በኦሳካ የናኒዋ ቀበሌ በ1987 የሠሪዎቹ ልጆች ራሳቸው ዱላውን አንሥተው አንድ ቡድን መሠረቱ። ስሙን "ኢካሪ" አሉት፤ ቁጣ ማለት ነው። አያቶቻቸው ሠርተው ያልመቱትን እነሱ እየመቱ ስለ ሰው እኩልነት መናገር ጀመሩ። በእኔ ግምት በጃፓን ምድር ከተቋቋሙት የታይኮ ማኅበራት ሁሉ የዚህን ያህል ለመመሥረት ምክንያት የነበረው የለም።

እንግዲህ እስከዚህ ያለውን ሰብሰብ ስናደርገው፣ ከበሮው ከአጃቢነት ወደ ባለቤትነት፣ ከአንድ መቺ ወደ ቡድን፣ ከመንደር ወደ መድረክ ተሻግሯል። አሁን ውቅያኖሱን እንሻገር።

ጃፓናውያን ስደተኞች በሃዋይና በካሊፎርኒያ የኦቦንን ጭፈራና ከበሮውን ይዘው ነበር። ነገር ግን በየካቲት 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረሙት ትእዛዝ 120,000 ያህል የጃፓን ዘር ያላቸውን ሰዎች፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ተወላጆች ሆነው ሳሉ፣ ከቤታቸው አውጥቶ በሽቦ በታጠሩ ካምፖች አጎራቸው። ከዚያ የወጡት ወላጆች ለልጆቻቸው ያወረሱት ዝምታን ነው፦ ጃፓንኛውን ተዉት፣ ጎልታችሁ አትታዩ፣ ድምፃችሁ አይሰማ። ሳንሴይ የሚባለው ሦስተኛው ትውልድ በ1960ዎቹ መጨረሻ ለአቅመ አዳምና ሔዋን ሲደርስ በዙሪያው የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል ይነድዳል፣ የተማሪው አመፅ ግቢዎችን ይዘጋል። እሱም "የእኛስ ድምፅ የት አለ?" ብሎ ጠየቀ። ምድርን የሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ ለዚያ ትውልድ በሰዓቱ ደረሰ።

ሦስት ቡድኖች መሠረቱን ጣሉ፤ ሦስቱም በመንፈሳቸው የተለያዩ ናቸው። በ1968 ከጃፓን የመጣው ሴይቺ ታናካ በሳን ፍራንሲስኮ የታይኮ ዶጆ፣ ማለትም የልምምድ ቤት፣ ከፈተ። የቼሪ አበባ በዓል ላይ ተገኝቶ ከበሮ ባለመኖሩ ነው የተነሣሣው። የእሱ ቤት የመምህርና የደቀ መዝሙር ቤት ነው፤ ሥነ ሥርዓት፣ ጉልበት፣ የሰውነት ሥልጠና፣ መንፈስን ማሰባሰብ። በ1969 ደግሞ በሎስ አንጀለስ በሴንሺን የቡድሃ ቤተ መቅደስ ቄስ ማሳኦ ኮዳኒና ወጣት ምእመናን ኪናራ ታይኮን ጀመሩ። የኦቦን በዓል አልቆ ከበሮውን ወደ ማስቀመጫው ሊመልሱ ሲሉ፣ እየተቀባበሉ ለሰዓታት ሳያቆሙ መቱት፤ ነገሩ ከዚያ ጀመረ። ኪናራዎች መምህር አልነበራቸውም፤ ለጭብጨባም አልመቱም፤ ለእነሱ ከበሮው "እኔ" የሚለውን ነገር የሚረሱበት የእምነት ልምምድ ነበር። በ1973 የተመሠረተው ሳን ሆዜ ታይኮ ሦስተኛውን መንገድ ያዘ፤ ውሳኔው የሁሉም፣ ድርሰቱ የራሳቸው፣ ምቱም ከጃዝ፣ ከላቲንና ከአፍሪካ ሙዚቃ ጋር የተዋሐደ። ታናካ በ2001፣ የሳን ሆዜዎቹ ሮይና ፒጄ ሂራባያሺ በ2011 አሜሪካ ለሕዝብ ጥበብ ሊቃውንቷ የምትሰጠውን ታላቁን ብሔራዊ ሽልማት ተቀብለዋል።

የከበሮውን ነገር ግን እንዴት አደረጉት? ከጃፓን የሚመጣው በአንድ ግንድ የተቦረቦረ ናጋዶ ዋጋው የወጣቶች ኪስ የሚችለው አልነበረም። ኪናራዎች ዓይናቸውን ወደ አካባቢያቸው መለሱ፤ ካሊፎርኒያ የወይን አገር ናት። ያረጀ የወይን ጠጅ በርሜል ገዙ፣ ፈግፍገው አለሰለሱት፣ በውኃ የዘፈዘፉትን ወፍራም የላም ቆዳ በላዩ ዘረጉ፣ ዙሪያውን በገመድ አስረው በመኪና ክሪክ እየገፉ ወጠሩት፣ ከዚያም በምስማር ቸነከሩት። ይህ ዘዴ ከቡድን ወደ ቡድን በእጅ ተላለፈ፤ አዲስ የሚቋቋም ማኅበር የመጀመሪያ ወራቱን የሚያሳልፈው በርሜል ሲፍቅ ነበር። ዋንዛ ቦርቡሮ ከበሮ የሚሠራን ባለሙያ አጠገቡ ሆኖ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ በገዛ እጅህ የወጠርከውን ቆዳ እንደ ተገዛ ዕቃ አትመታውም። የሰሜን አሜሪካን ታይኮ የማኅበረሰብ ጥበብ ያደረገው ከምንም በላይ በርሜሉ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሌላው መታጠፊያ ሴቶች ናቸው። በጃፓን ለረጅም ዘመን ከበሮ የወንዶች ይዞታ ሆኖ በቆየበት፣ በአሜሪካና በካናዳ ማኅበራት ሴቶች ከመጀመሪያው ገቡ፤ ብዙም ሳይቆይ በቁጥር በለጡ። የእስያ ሴት ዝምተኛና አጎንባሽ ናት የሚለውን የቆየ ምስል፣ ክንዷን እስከ ሰማይ ዘርግታ ኦዳይኮ የምትመታ ሴት አፈረሰችው። ፒጄ ሂራባያሺ በ1994 የደረሰችው "ኤ ጃ ናይ ካ" የተባለው ሥራ የመጀመሪያዎቹን ስደተኞች የእርሻና የባቡር ሐዲድ ድካም በጭፈራ እያስታወሰ፣ መጫወት ለሚፈልግ ሁሉ በነፃ የተሰጠ ነው፤ ዛሬ በብዙ አገር ያሉ ጀማሪዎች ከሚማሯቸው ሥራዎች አንዱ ሆኗል። በ1988 የአሜሪካ መንግሥት ለካምፑ ግፍ ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲከፈል ሲወስን፣ ዝም ያሉት ወላጆች መናገር በጀመሩበት በዚያ ዘመን፣ በየመታሰቢያው ከበሮውን የሚመቱት ልጆቻቸው ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ መስፋፋቱ ፈጣን ነው፤ በስሱ እንለፈው። በ1979 በኒው ዮርክ ሶ ዳይኮ፣ በቫንኩቨር ካታሪ ታይኮ ተመሠረቱ፤ የኋለኛው በካናዳ የመጀመሪያው ነው። በብራዚል በ1908 ካሳቶ ማሩ በተባለችው መርከብ የጀመረው ስደት ከጃፓን ውጭ ትልቁን የጃፓን ዝርያ ማኅበረሰብ ፈጥሯል፤ የቅድመ አያቶቻቸውን ቋንቋ የማይናገሩ ወጣቶች በየማኅበሩ ታይኮ እየተማሩ በየዓመቱ ይወዳደራሉ። በስኮትላንድ በ1994 ሙገንኪዮ፣ በአውስትራሊያ በ1997 ታይኮዝ ተነሡ። በአውስትራሊያና በብሪታንያ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ ቡድኖቹ የዘር ጥያቄ አልነበራቸውም፤ የሳባቸው ድምፁና የሰውነት ሥራው ነው። ዝርዝሩ የየአገሩ ተመራማሪ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ተማሪዎቹ ደረስን። በልጅነታቸው በቤተ መቅደስ አዳራሽ ከበሮ የመቱ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ከእነሱ ጋር ምቱም ገባ። በ1990 በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኪዮዶ ታይኮ ተመሠረተ፤ በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ታይኮ ክበብ እሱ ነው። በ1992 ስታንፎርድ ታይኮ ተከተለ። ከ1995 ጀምሮ የግቢዎቹ ክበቦች በየዓመቱ በአንድ ዩኒቨርሲቲ እየተገናኙ አብረው መማርና መጫወት ጀመሩ፤ ቀስ በቀስም በኧርቫይን፣ በዴቪስና በሳን ዲዬጎ ያሉ ክበቦች ተጨመሩ። በ1997 ደግሞ የሰሜን አሜሪካ የታይኮ ጉባኤ በሎስ አንጀለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራ፤ የቤተ መቅደስ ሽማግሌውና የ19 ዓመት ተማሪው በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ ምት በአፋቸው አጠኑ። በምሥራቁ ዳርቻም ብራውን፣ ኮርኔልና ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የየራሳቸውን ክበብ አቁመው በ2010ዎቹ የራሳቸውን ዓመታዊ ጉባኤ ያካሂዱ ጀመር።

የተማሪ ክበብ ከሌሎቹ ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ዕድሜው አራት ዓመት ነው። የዶጆ ተማሪ ሃያ ዓመት ከመምህሩ ጋር ሊቆይ ይችላል፤ የመንደር መቺ እስከ እርጅናው ይመታል። የዩኒቨርሲቲው መቺ ግን መጀመሪያው ዓመት ላይ ዱላ እንዴት እንደሚያዝ ይማራል፣ በሦስተኛው ያስተምራል፣ በአራተኛው ድርሰቱን ትቶ ይመረቃል። መምህርም ተማሪም ራሱ ነው። ይህ ደካማ ጎን ይመስላል፤ ጥልቅ ጥበብ በአራት ዓመት አይቀዳም የሚሉ የቆዩ ባለሙያዎች አሉ፣ እውነትም አላቸው። ነገር ግን በየዓመቱ አዲስ ሰው ማስተማር ስለሚገደዱ ተማሪዎቹ ትምህርቱን ግልጽ አድርገው አዘጋጁት፤ የወረሱት ጥቂት ስለሆነም ብዙ ደረሱ። አንዳንድ ግቢዎች ታይኮን በሙዚቃ ክፍላቸው ኮርስ አድርገው፣ ከመምታቱ ጋር የስደቱንና የካምፑን ታሪክ ያስተምሩበታል።

አባላቱም ተለወጡ። በመጀመሪያ የሳንሴይ ልጆች የማንነት ጉዳይ የነበረው ክበብ ዛሬ ቻይናዊ፣ ሜክሲኳዊ፣ ሕንዳዊ፣ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች የተሰለፉበት ነው። ከዚህ ጋር ከባድ ጥያቄ መጣ። የሚያኬ ደሴት ወይም የቺቺቡ ከተማ ሰዎች ለበዓላቸው የሚመቱት ምት፣ በኦንዴኮዛና በኮዶ በኩል በዓለም ከተሰራጨ በኋላ የማን ነው? በኦሃዮ ያለ ተማሪ በፊልም አይቶ ቢጫወተው ስጦታ ተቀበለ ወይስ የሰው ገንዘብ ወሰደ? ብዙ ቡድኖች የሚከተሉት ልማድ ከምንጩ ሰዎች ዘንድ ሄዶ መማር፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ በመድረክም የትውልድ ቦታውን መናገር ነው። ጥያቄው አልተዘጋም፤ ባለመዘጋቱም ማኅበራቱ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ አድርጓል። በአሜሪካና በአውሮፓ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የከበሮን አመታት ለልጆቻቸው የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ከዚህ የሠላሳ ዓመት ክርክር ብዙ የሚሰሙት አለ፤ የእነሱም ልጆች ነገ ከበሮውን ይዘው ዩኒቨርሲቲ ይገባሉና።

በ2020 ወረርሽኙ አዳራሾችን ሲዘጋ፣ አብሮ መተንፈስን የሚጠይቀው ይህ ጥበብ ክፉኛ ተመታ። በየቤቱ የቀሩት አባላት በኮምፒውተር መስኮት ፊት ለፊት ተገናኝተው፣ ጎረቤት እንዳይረበሽ ትራስ እየመቱ ልምምዳቸውን ቀጠሉ። በኢንተርኔት ድምፅ ይዘገያልና እኩል መምታት አልቻሉም፤ እያንዳንዱ የሚሰማው የራሱን ምት ብቻ ነበር። ተመልሰው ሲገናኙም የሚያስተምረው አንጋፋ ተመርቆ የሄደባቸው፣ ከባዶ የጀመሩ ክበቦች ነበሩ።

የጀመሩት ደግሞ ሁሉም በሚጀምርበት ነው። በብዙ ቡድኖች ዘንድ ለጀማሪ ወዲያው ውድ ከበሮ አይሰጠውም፤ አሮጌ የመኪና ጎማ ይመጣል፣ አፉ በፕላስተር ጥርቅም ተደርጎ ይታሸጋል፣ በበርጩማ ላይ ይቀመጣል። አዲሶቹ በዙሪያው ይቆማሉ። ከእነሱ በአንድ ዓመት ብቻ የምትበልጥ ተማሪ ዱላዋን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "ዶን" ትላለች። "ዶን" ይሏታል።